ድንጋይ የሚያጠጡት እትዬ አስካለ

በጉለሌ ብዙዎቻችን «እትዬ አስካለ» እያልን የምንጠራቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ድንጋይ ሲጠርቡ የኖሩት ወይዘሮ አስካለ፣ ለረጅም ጊዜ በደረት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው ቀጨኔ ባለው ቤታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። የእድሩ ጥሩምባ ሲነፋ ገና ጎህ አልቀደደም ነበር። እውነቱን ለመናገር ድምፁን ስሰማ መጀመሪያ ያሰብኩት ሞትን አይደለም። መሬቱ ዳግመኛ የተንቀጠቀጠ፣ ሰዉም ውጡ እየተባለ የሚጠራ መስሎኝ ሁለቱን ልጆቼን ከነብርድ ልብሳቸው ጎትቼ ደጅ አወጣኋቸው። ጎረቤቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ በሯ ላይ ቆማለች።

«ማን ነው?» አልኳት።

«እትዬ አስካለ» አለችኝ።

እዚያው ደጃፌ ላይ ተቀመጥኩ። ትልቋ ልጄ ሜሮን ትከሻዬን ይዛ «እማ፣ አሁን ለጓሮው ግንብ ማንን እንጠራለን?» አለችኝ። ልጅ ናትና የልቧን ተናገረች። የእኔም ልብ ያለው ይህንኑ ነበር።

ይህን የምጽፈው አብረናቸው ስንጠርብ የኖርን ሰዎች ለአርባቸው ስንሰበሰብ እንዲነበብ ስለተባለ ነው። «ጎናቸው ስትቀመጪ የኖርሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺ ጻፊው» አሉኝ። እኔም በጎናቸው ሆኜ ያየሁትን እጽፋለሁ። ብዙው የፍርሃት ታሪክ ነው። እትዬ አስካለ የፈራ ሰው ወዳለበት የሚመጡ ሴት ነበሩና እሳቸውን ያለ ፍርሃት ላስታውሳቸው አልችልም።

መጀመሪያ ያወቅኋቸው ሜሮን ገና ጡት ሳትጥል ነው። ለሰፈራችን መንገድ የሚነጠፍ ኮብልስቶን ይጠረብ የነበረው ከአዲሱ ገበያ ከፍ ብሎ በሚገኝ ሜዳ ላይ ነበር። ሥራ አለ ሲባል ልጄን አዝዬ ሄድኩ። ስደርስ ግን ወደ ኋላ ልመለስ ነበር። ጥቁር ድንጋይ እንደ ኮረብታ ተከምሯል። ሰዉ በመደዳ ተቀምጦ በመዶሻና በመሮ ይቀጠቅጣል። በየአቅጣጫው ፍንጣሪ ይበራል። ልጄ ዓይን ውስጥ ሲገባ ታየኝ። በጀርባዬ ያዘልኳትን አዙሬ ደረቴ ላይ አድርጌ፣ በሁለት እጄ ፊቷን ሸፍኜ ከዳር ቆምኩ።

የሸራ ባርኔጣ ያደረጉ፣ ትከሻቸው የሰፋ ሴት ቀና ብለው አዩኝ። «አንቺ፣ አንቺ ነሽ የምትጠርቢው ወይስ ሕፃኗ?» አሉኝ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን እንባዬ መጣ። ይህን ሲያዩ መሮአቸውን አስቀምጠው ተነሡ። ለራሳቸው ጥላ የወጠሩትን ሸራ ነቅለው ከኋላቸው እንደ መጋረጃ ተከሉት። ልጄን ከሸራው ጀርባ በነጠላ ላይ አስተኙልኝ። እሳቸውም ጀርባቸውን ለልጄ፣ ፊታቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ተቀመጡ።

«ፍንጣሪ የሚሄደው ወደ ፊት ነው» አሉኝ። «ወደ ኋላ ከመጣም ጀርባዬ ሰፊ ነው። ነይ ተቀመጪ።»

ሜሮን ድክ ድክ ማለት እስክትጀምር ድረስ እትዬ አስካለ በዚያ ፀሐይ ጥላ አልነበራቸውም። ፊታቸው ከሰለ። አንድ ቀን እንኳ ይህን አንሥተው አያውቁም። ስሜን ግን ከዚያ ዕለት ጀምሮ ቀየሩት። መዶሻ ከፍ ባለ ቁጥር ዓይኔን እጨፍን ስለነበር «ድንጉጤ» አሉኝ። በዚያ ሜዳ ላይ ዘነበች የሚለውን ትክክለኛ ስሜን የሚያውቅ ሰው የነበረ አይመስለኝም።

የእትዬ አስካለን አሠራር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። አንድ ትልቅ ድንጋይ ለመፈለጥ ሲነሡ ቶሎ አይመቱትም። በጣሳ ውሃ ያፈሱበትና እጃቸውን አጣጥፈው ይጠብቃሉ። ወጣቶቹ ይሄን ሲያዩ ዝም አይሉም ነበር።

«እትዬ አስካለ ችግኝ ተከሉ!»

«ነገ ይበቅላል፤ ለእንቁጣጣሽ ይደርሳል!»

እሳቸው «ለአንተ ሠርግ ነው የማደርሰው፤ ሴቷ እሺ ካለችህ» ብለው ይመልሱላቸውና መጠበቃቸውን ይቀጥላሉ። ጥቂት ቆይቶ የድንጋዩ ፊት ይደርቃል፣ ከጥቁርነቱ ወደ ግራጫ ይመለሳል። ስንጥቅ ካለበት ግን ስንጥቁ ውሃውን ይዞ ይቆያል። ሌላው ሲደርቅ እንደ ፀጉር የቀጠነች ጥቁር መስመር ድንጋዩ ላይ ትቀራለች። መሮአቸውን የሚያሳርፉት ያንን መስመር ካዩ በኋላ ነው።

«ድንጋይ ደረቅ ሳለ ሕመሙን ይደብቃል» ይሉኝ ነበር። «ውሃ ስትሰጪው ይናዘዛል። ሳታናዝዢው ከመታሽው በማታስቢው በኩል ተሰንጥቆ እጅሽን ይበላዋል።»

እኔም እንደሳቸው ማጠጣት ጀመርኩ። እኔን ያስተማረኝ ብልሃት ሳይሆን ፍርሃት ነው። ቢሆንም እስከ ዛሬ አሥሩም ጣቶቼ አሉ።

ሜሮን ትምህርት ቤት ገብታ አራተኛ ክፍል ስትደርስ አንድ ቀን ከፍ ባለ ድምፅ እያነበበች ነበር። ድንገት «እማ!» አለችኝ። «አንቺ የምትጠርቢው ድንጋይ እኮ ድሮ እሳት ነበር። መሬት ውስጥ ቀልጦ፣ በተራራ ላይ ወጥቶ እንደ ሙቅ ይፈስሳል። ላቫ ይባላል። ከዚያ ሲቀዘቅዝ ጥቁር ድንጋይ ይሆናል።»

«ማን አለሽ?»

«መምህራችን። እንጦጦም ራሱ ከእሳት የወጣ ነው ብለውናል። የእኛ ሰፈርም።»

እሷ ይህን ብላ ወደ ጨዋታዋ ሄደች። እኔ ግን ያንን ሌሊት በደንብ አልተኛሁም። በማግስቱ ድንጋዩ ፊት ተቀምጬ መዶሻዬን ማንሣት አቃተኝ። የጠረባችሁ ታውቃላችሁ፤ መሮ ጥቁር ድንጋይን ሲነካው ብልጭ ይላል፣ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ያን ሽታ ለዓመታት ሳሸተው ኖሬ ምንም አላሰብኩም ነበር። በዚያ ቀን ግን ውስጡ ያልጠፋ ነገር ያለ መሰለኝ። እትዬ አስካለ እጄ መቆሙን አይተው «ምን ሆንሽ ድንጉጤ?» አሉኝ። ልጄ ያለችውን ነገርኳቸው። የሚስቁብኝ መስሎኝ ነበር። አልሳቁም።

«እውነቷን ነው» አሉኝ። «እኔ አገሩን አውቀዋለሁ።»

ተወልደው ያደጉት መተሐራ አካባቢ መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። እዚያ ከተራራው ሥር ጥቁር ድንጋይ ብቻ የተንጣለለበት ሜዳ አለ፤ እንደ ታረሰ መሬት የተገለባበጠ፣ አንዳንዱም እንደ ገመድ የተጠማዘዘ ነው። በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋር ገበያ ሲሄዱ ያቋርጡት ነበር። ሽማግሌዎቹ፣ በአያቶቻቸው አያቶች ዘመን እሳቱ ከመሬት ወጥቶ እስከዚህ ድረስ ፈስሶ እዚህ ላይ ቆመ እያሉ ያሳዩ ነበር። ትንሿ አስካለ እግሬን ያቃጥለኛል ብላ አልረግጥም ትላለች። አባቷ እጇን ይዞ ድንጋዩ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ገና ጠዋት ስለነበር ድንጋዩ ይቀዘቅዛል። ከዚያም በአንድ ስንጥቅ ውስጥ የበቀለች አንዲት ቁጥቋጦ ያሳያታል።

«እሳት የሚያስፈራው ሲሮጥ ነው» አሉኝ እትዬ አስካለ። «ይሄ ሮጦ ሮጦ ደክሞት የተቀመጠ ነው። እኔና አንቺ የምንመታው የደከመ እሳት ነው።»

«ተመልሶ ቢነሣስ?»

«ከተነሣማ» አሉ፣ አሁን ፈገግ ብለው፣ «ቀድሞ የሚጠይቀው ፎርማኑን ነው። የእኛን ስም እንኳ አያውቅም።»

ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ማሳል ጀመሩ። የድንጋይ አቧራ እንደሆነ ሐኪም ነግሯቸዋል። እሳቸው ግን ለእኛ «ጉንፋን ነው» ነበር የሚሉን። እኛን አፋችንን በእርጥብ ጨርቅ እንድንሸፍን ያስገድዱናል፤ የረሳ ሰው ካዩ የገዛ ሻሻቸውን ቀድደው ይሰጡታል። የራሳቸውን ግን ለመነጋገር ሲሉ ወደ አገጫቸው ያወርዱት ነበር። በመጨረሻ አንድ ሽቅብ መንገድ ሳያርፉ መውጣት ሲያቅታቸው መሮአቸውን አስቀምጠው ቤት ዋሉ።

አሁን ወደ ግንቡ ልምጣ።

የእኛ ቤት ቀጨኔ ውስጥ በቁልቁለት ላይ የተሠራ ነው። ከጓሯችን የሁለት ሰው ቁመት ያለው የጥቁር ድንጋይ ግንብ አለ። የላይኛውን መንገድና የላይኛውን ጎረቤት ቤት አፈር ደግፎ የያዘው እሱ ነው። ልጆቼ የሚተኙበት ክፍል ጀርባውን ለግንቡ ሰጥቶ ነው የቆመው። ክረምቱ ወጥቶ፣ መሬቱ ገና ውሃ እንደጠገበ፣ አንድ ምሽት እራት ቀርቦ ሳለ የመብራቱ አምፖል መወዛወዝ ጀመረ። ብርጭቆው በጠረጴዛው ላይ ተንሸራተተ። ድምፁ ከባድ መኪና በቤቱ ሥር የሚያልፍ ይመስል ነበር። ትንሹ ልጄ አቤል ጉርሻውን በአፉ እንደያዘ አየኝ። ልጆቹን እንዴት ይዣቸው እንደወጣሁ አላስታውስም። የማስታውሰው ደጅ ቆመን፣ ሰፈሩ በሙሉ «እግዚኦ! እግዚኦ!» ሲል ከጓሮ በኩል የጠጠር መንጠባጠብ መስማቴን ነው።

መንቀጥቀጡ የመጣው ከአዋሽና ከመተሐራ በኩል ነው፣ ከመሬት በታች የቀለጠው ድንጋይ እየተንቀሳቀሰ ነው ሲባል በሬዲዮ ሰማሁ። መተሐራ! የእትዬ አስካለ አገር! የደከመው እሳት ዕረፍቱን ጨርሶ ተነሣ ማለት ነው አልኩ። በማግስቱ ግንቡን አየሁት። ከላይ በኩል አንድ ቦታ ላይ ስንጥቅ የሚመስል ረጅም መስመር አየሁ። ከዚያ በኋላ ልጆቼን እዚያ ክፍል ውስጥ ላስተኛ አልቻልኩም። ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ባለው ሜዳ ላይ ከሌሎች እናቶች ጋር ማደር ጀመርን።

ባለቤቴ ታደሰ ተቆጣኝ። «ግንቡ እኔ ሳልወለድ የቆመ ነው!»

«እንግዲያው አርጅቷል» አልኩት።

«ልጆቹን ግንብ ሳይሆን ብርድ ይገድልብሻል!»

እሱም ያለው እውነት ነበር። የጥቅምት ብርድ አጥንት ይሰብራል። አቤል ማሳል ጀመረ። ያ ሳል እትዬ አስካለን ያስታውሰኝ ነበር። ቤት ብገባ ግንቡ፣ ደጅ ባድር ብርዱ። አንዲት እናት ከሁለት ሞት አንዱን ለልጆቿ ምረጪ ስትባል ምን ትመርጣለች?

ይህን ለእትዬ አስካለ ማን እንደነገራቸው አላውቅም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት በከዘራ ተደግፈው፣ በየመታጠፊያው እያረፉ መጡ። ከነጠላቸው ሥር ያችኑ የታወቀች ጣሳ ይዘዋል። ደጃፌ ላይ ሲደርሱ መናገር አልቻሉም፤ ትንፋሻቸው እስኪመለስ በእጃቸው ብቻ ቆዪ፣ ቆዪ አሉኝ። ከዚያ የመጀመሪያው ቃላቸው «ውሃ አምጪ» ነበር። የሚጠጡ መስሎኝ በብርጭቆ አመጣሁ።

«ለእኔ አይደለም። በጀሪካን አምጪ።»

በሰፈራችን ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። ታደሰ መሰላል ላይ ወጥቶ እሳቸው በከዘራቸው በሚያሳዩት ቦታ ሁሉ ላይ ውሃ ሲያፈስስ የላይኛዋ ጎረቤታችን አጎንብሳ አየችን።

«ወይ ጉድ! እኛ የምንጠጣው የለንም፣ ግንብ ገላውን ይታጠባል!»

«አንቺም ነይና እጠብሻለሁ!» አሏት እትዬ አስካለ። ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠና ብዙ አሠቃያቸው።

ከዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጠው መጠበቅ ጀመሩ። እኔ መቀመጥ አልቻልኩም። ፀሐይዋ ቀስ እያለች ግንቡ ላይ ወረደች። ዓይኔን ከዚያች ከላይ ካየኋት መስመር ላይ አላነሣሁም። ድንጋዩ ቀስ በቀስ ግራጫ ሆነ። መስመሯም አብራ ደረቀች፤ ጠፋች። ስንጥቅ አልነበረችም፤ የድሮ የኖራ ጭረት ናት።

«እሰይ!» ብዬ እልል ልል ስል እትዬ አስካለ በእጃቸው አስቆሙኝ። እየተመለከቱ የነበሩት ላይኛውን አልነበረም። በከዘራቸው ከታች፣ ከልጆቼ አልጋ በስተጀርባ ያለውን ቦታ አሳዩኝ።

«እዚህ ጋ ውሃ አፍስሰናል?»

«አላፈሰስንም» አለ ታደሰ።

«ታዲያ ማን አጠጣው?»

ጎንበስ ብዬ አየሁት። ታችኛው ድንጋይ ጠቁሯል። ከመገጣጠሚያዎቹ ላብ የመሰለ ነገር ይወጣል። እጄን ሳስጠጋው ቀዝቃዛ ነው። ከጎን ቆሜ ሳየው ግንቡ እዚያ ላይ ሆዱን ወደ ቤታችን ገፋ አድርጓል። ስንት ቀን ወደ ላይ ብቻ እያየሁ ነው የዋልኩት!

«ቀዳዳዎቹ የታሉ?» አሉ እትዬ አስካለ። «ግንብ ሲሠራ ለውሃ መውጫ የሚተዉ ቀዳዳዎች አሉ።»

ታደሰ አንገቱን አቀረቀረ። በቀዳዳዎቹ አይጥ እየገባ ስላስቸገረ መንደሩ ሁሉ በጨርቅና በሲሚንቶ ደፍኗቸዋል፤ የእኛን የደፈነው እሱ መሆኑን ነገራቸው። እትዬ አስካለ ሰሙትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አይ ታደሰ! ግንቡን ሽንት ከለከልከው። የክረምቱ ውሃ በሙሉ ከኋላው ቆሟል። መሬት ሲንቀጠቀጥ የሚገፋው አፈሩ ብቻ አይደለም፤ ውሃው አብሮ ይገፋዋል። እሳቱን ስትፈሩ ውሃውን አስቀመጣችሁት።»

ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። ልጆቹ ከግቢ እንዲወጡ፣ የላይኛዋም ጎረቤት ከነቤተሰቧ ወደ መንገድ እንድትወጣ አዘዙ። ልጆቼን ይዤ ከአጥሩ ውጭ ቆምኩ። ታደሰ ዲጂኖውን ይዞ፣ ግንቡ ፊት ሳይሆን ከጎን ቆሞ፣ የመጀመሪያውን ቀዳዳ መታው። ምንም አልሆነም። ደግሞ መታው። ከዚያ አንድ ነገር ፈነዳ። ቡናማ ውሃ እንደ ፈረስ ዘልሎ ወጣና የጓሮውን በርሜል ገለበጠው። ግንቡ የወደቀ መሰለኝ። ጮህኩ። ሁለቱንም ልጆች መሬት ላይ ጥዬ በላያቸው ላይ ተኛሁ። እየጠበቅኩት የነበረው ድንጋይ ግን አልመጣም። ቀና ስል ታደሰ ከእግር እስከ ራሱ ጭቃ ለብሶ ቆሟል። እትዬ አስካለ ደግሞ በርጩማቸው ላይ እንደተቀመጡ ናቸው። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ደርሷል።

«ለምን አልሮጡም!» ብዬ ጮህኩባቸው። ትልቅ ሰው ላይ እንዲያ ጮኼ አላውቅም።

«ብሮጥስ እደርሳለሁ?» አሉኝ።

ያ ውሃ እስከ ምሽት ፈሰሰ። እሳቸው ግን ወደ ክፍሉ መግባት ከለከሉን። ግንቡ ሆዱን የገፋበት ቦታ ፈርሶ እንደገና ካልተሠራ ዋጋ የለውም አሉ። ከዚያ ያለውን እናንተው ታውቁታላችሁ፣ ምክንያቱም የመጣችሁት እናንተ ናችሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መሮና መዶሻችሁን ይዛችሁ፣ ምሳችሁን ቋጥራችሁ መጣችሁ። ግንቡን በባሕር ዛፍ ግንድ ደግፈን ጥቂት ጥቂቱን እያፈረስን ሠራነው። እትዬ አስካለ በርጩማቸው ላይ ሆነው እያንዳንዱን ድንጋይ ያጠጡ ነበር። ደርቆ መስመር ካልቀረበት «ይግባ» ይላሉ። መስመር ከቀረበት «ይሄ ለአጥር» ይላሉ። በየመካከሉ ያስላቸዋል። እኔ ቤትዎ ልውሰድዎ እያልኩ ለመንኳቸው።

«ድንጉጤ፣ ቤት ብገባ ደረቴ ይድናል?»

ቀጣዩን ድንጋይ አቀረብኩላቸው።

«እንግዲያውስ የሚድነውን እናድን።»

ቀዳዳዎቹን ክፍት አድርገን ተውናቸው። አይጡን በሽቦ ወንፊት ከለከልነው። ከዚያ በኋላ የመንደሩ ሰው ሁሉ የየራሱን ቀዳዳ ሲከፍት ሰነበተ። ልጆቼ ወደ አልጋቸው ተመለሱ። እትዬ አስካለ ግን ከዚያ እሑድ በኋላ ቁልቁለቱን ዳግመኛ አልወረዱም።

በመጨረሻው ሰሞን ስጠይቃቸው ትራስ ተደግፈው ተቀምጠው ነበር፤ ከተጋደሙ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። እጃቸውን ያዝኩ። ያ ድንጋይ የሚፈልጥ እጅ ቀልሎ ነበር። መጠየቅ የሌለብኝን ጠየቅኋቸው።

«እትዬ፣ ይፈራሉ?»

ትራሳቸውን አስተካከሉ። ከዚያ «አዎ» አሉኝ። «ለሌላው እንዳትነግሪ። ጀርባዬ ሰፊ ነው ብያለሁ።»

ለሌላው መንገሬን ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ። የፈራ ሁሉ እንዲሰማው ብዬ ነው።

በሠልስታቸው ዕለት ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለን መሬቱ እንደገና ተንቀጠቀጠ። ትንሽ ነበር፤ የድንኳኑ ምሰሶ ጠቅ አለ፣ ሰዉ ተነሥቶ ወጣ። ልጆቼን ቤት ትቻቸው ነበር። ሜሮን እያጠናች፣ አቤል ተኝቶ፣ በዚያው በግንቡ ክፍል ውስጥ። ያን ቁልቁለት ጫማዬን ጥዬ ሮጥኩት። ከኋላዬ ሰው ይጠራኛል፤ አልሰማም። የግቢውን በር ስከፍት ሜሮን አቤልን አቅፋ በግቢው መካከል ቆማለች።

«እማ፣ ቆሟል» አለችኝ።

ወደ ጓሮ ሄድኩ። ግንቡ ቆሟል። ከቀዳዳዎቹ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። እጄን ድንጋዩ ላይ አደረግሁ። ቀዝቃዛ ነበር። እዚያው ተደግፌው አለቀስኩ። የዚያን ቀን ያለቀስኩት ለልጆቼ ይሁን ለእርስዎ፣ እትዬ፣ አላውቅም።

እትዬ አስካለ ሆይ፣ አሁን ለእርስዎ ልናገር። እኔ ዛሬም እፈራለሁ። አምፖል ሲወዛወዝ ባየሁ ቁጥር፣ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ልቤ ይቆማል። ከሥራችን ያለው እሳት ደክሞት ይሁን ዕረፍት ላይ ይሁን የሚያውቅ ሰው የለም፤ ግንቡም ለዘላለም ይቆማል ብሎ ማንም አልማለልኝም። ነገር ግን ከእንግዲህ ወደ ላይ ብቻ እያየሁ አልፈራም። ጣሳዎ እኔ ጋ ነች። ዝናብ ባቆመ ቁጥር ግንቡን አጠጣለሁ፣ ቁጭ ብዬም እጠብቃለሁ።

መቃብርዎ ላይ እብነ በረድ ይደረግ ያሉ ነበሩ። ጓደኞችዎ ግን እንቢ አልን። ያን የሚያውቁትን ጥቁር ድንጋይ ጠረብንልዎ። ትላንት ሰዉ ሁሉ ከሄደ በኋላ እኔ ብቻዬን ቀርቼ አጠጣሁት። እጄን አጣጥፌ እንደ እርስዎ ጠበቅሁ። መጀመሪያ ጠርዙ፣ ቀጥሎ መካከሉ፣ በመጨረሻ ስምዎ የተቀረጸበት ቦታ ግራጫ ሆነ። ሁሉም ደረቀ። አንድም መስመር አልቀረበትም።

ለሌላው ሰው አፈሩ ይቅለለው ይባላል። እትዬ፣ ለእርስዎ ድንጋዩ ይቅለልዎት። ያ ሰፊ ጀርባዎም አሁን ይረፍ። ፍንጣሪው ወደ ልጆቹ ቢመጣ እኔ ተቀምጫለሁ።